ከሰኞ በፊት አንድ ትራውት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አልሄድም አሉ። ዛሬም። የሆስፒታሉን ካርድ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

የዓይን ሐኪሞቹ የሚመጡት የዛሬ ሳምንት ነው። አሰላ የሚቆዩት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። የአባባ ስም የመጀመሪያው ቀን ዝርዝር ውስጥ አለ። ምርመራው አልቋል፣ ሞራው በስሏል ተብሏል፣ የቀኙ ዓይን መጀመሪያ ይሠራል። አራት ዓመት ሙሉ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። የመዘገበችን ነርስ ደግሞ በቀኑ ያልመጣ ሰው ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ሐኪሞቹም መቼ እንደሚመለሱ እንደማይታወቅ ነግራኛለች።

አባባ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ብቻ ነው። ሰውዬው ድሮ ዓይኑን በሐኪም ተነካክቶ ጭራሽ ጨለመበት። «የቀረችኝን ጭላንጭል አላስነካም» ይላሉ። ያኔና ዛሬ አንድ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ልንገራቸው? አፌ ደከመ።

ዛሬ ደሜ ፈላ። «እንግዲያው እዚሁ ቁጭ ይበሉና ማንም አይቶት የማያውቀውን ዓሣዎን ሲያወሩ ይኑሩ» አልኳቸው። ከአፌ ሳይወጣ ቆጨኝ፣ ግን ወጣ።

የዓሣው ነገር እንዲህ ነው። አባባ በጉልምስናቸው የዓሣ እርባታ ሠራተኛ ነበሩ። የትራውት ጫጩት በበርሜል አድርገው፣ በበቅሎ ጭነው፣ ከበቆጂ ወዲያ ከተራራው በሚወርደው ወንዝ ውስጥ ለቀዋል። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድ፣ ጎኑ በነጠብጣብ የተሞላ የፈረንጅ ዓሣ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ መጣ፣ መስኖ መጣ፣ ሰው ሁሉ ዓሣው አልቋል ይላል። አባባ ግን «አሉ!» ይላሉ። ሠርግ ቤትም ይላሉ፣ ለቅሶ ቤትም ይላሉ። ሰዉ እየተጠቃቀሰ ይስቅባቸዋል፣ እሳቸው አያዩም። እኔ ነኝ የማየው።

አባባ ረጋ ብለው ተናገሩ። «አንድ ትራውት ከዚያ ወንዝ አውጪና እጄ ላይ አድርጊልኝ። ያኔ እታከማለሁ።»

«ከሰኞ በፊት?»

«ከሰኞ በፊት።»

እኔም የእልኸኛ ልጅ እልኸኛ፣ እሺ አልኩ። ልጅ ሆኜ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ክር መወርወር አውቃለሁ። ወይም አውቅ ነበር።

ዘንጉን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አወጣሁት፣ ደህና ነው። የመንጠቆውን ሳጥን ስከፍት ግን ላባውን ሁሉ ብል ጨርሶታል። የቀረው ባዶ መንጠቆ ነው፣ ዘጠኝ፣ ሦስቱ የዛጉ።

የሚያስፈልገኝ፦ የአውራ ዶሮ ላባ፣ ከአንገቱ። ረዥም ፀጉር። ወደ ታች የሚያሰምጥ ክብደት። ወፍራም ካልሲ። ክር አልጻፍኩም፣ ልብስ ሰፊ ክር አይጠፋትም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

የማስረው ስትሪመር የሚባለውን ነው። ቃሉን አባባ የያዙት ድሮ አብረውት ከሠሩት ፈረንጅ ነው። ላባና ፀጉር መንጠቆ ላይ ይታሰርና ውኃ ውስጥ ሲጎተት የሚውረገረግ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። በብርድ ወራት ትራውት ወደ ላይ ወጥቶ ዝንብ አያሳድድም። ጥልቁ ውስጥ ይተኛል። አፍንጫው ሥር ደህና ጉርሻ ስታልፍ ብቻ ነው አፉን የሚከፍተው። ስለዚህ ጉርሻ መምሰል አለበት፣ መስመጥም አለበት።

ሞርሳ የለኝም። መንጠቆውን የስፌት መኪናዬ እግር ሥር አስገብቼ እግሩን ሳወርደው ጥርቅም አድርጎ ያዘልኝ። ከሞርሳ በምን ያንሳል? ዩኒፎርም ልታሳጥር የመጣች ደንበኛዬ አጎንብሳ አየችና ምን እየሰፋሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዓሣ ልብስ አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ላባው ግን ጉድ ሠራኝ። ጾም ነው፣ በእኛ ግቢ ዶሮ የሚያርድ የለም። ጎረቤቴ ጫልቱ ጴንጤ ናት፣ እንግዳ ስላለባት ዛሬ አውራ ዶሮ ልታርድ ነው። ሄጄ ለመንኳት፤ በደረቁ ልነጨው፣ ፍል ውኃ ሳይነካው ጥሪኝ አልኳት። እሺ አለች። ሱቅ ተመልሼ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። አንድ ዚፕ! ስመለስ ዶሮው ባልዲ ውስጥ ተነክሯል። ላባው ተጣብቆ፣ ተልፈስፍሶ፣ ሽታውን አልናገርም። ጫልቱ እጇ ልማዱን እንጂ እኔን እንዳልሰማ ነገረችኝና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጎሚስታው ደግሞ ጎማ ሲያመዛዝኑ ቸርኬው ላይ የሚለጥፉትን እርሳስ ሊሰበስብልኝ ቃል ገብቷል። ግን ሐሙስ ነው ያለው። እስከዚያ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ ጠቀለልኩ።

አሁን የሚያሳፍረውን ልጻፍ። ግድግዳው ላይ የአባባ ጭራ ተሰቅሏል፤ ለሽምግልና ሲጠሩ የሚይዙት፣ ዝንብ የሚከላከሉበት የፈረስ ጭራ። ረዥም፣ ጥቁርና ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ፀጉር። አውርጄ ከመሃሉ ቆረጥኩ። አያዩም ብዬ። ከቆረጥኩ በኋላ ነው «አያዩም» ማለቴ ራሴን ያስቀየመኝ።

ሦስት ስትሪመር አስሬያለሁ። ያምራሉ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ሳጉሬ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆምን፣ በቆጂ ስደርስ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። ውርጩ ሜዳውን ጨው የተበተነበት አስመስሎታል። ከዚያ በእግር።

ወንዙ ዳር ገብስ የሚወቃ ገመዳ የሚባል ገበሬ አለ፣ እኩያዬ ነው። አባቱና አባባ ይተዋወቁ ነበር። ዘንጉን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። ከጎርፉ ወዲህ ከዚህ ወንዝ የወጣ ነገር ቢኖር ድንጋይ ብቻ ነው አለኝ። አባባን ሰላም በይልኝ፣ ዓሣውን ግን ይተዉት በያቸው አለ። በደግነት ነው ያለው፣ ለዚያ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ወረወርኩ። ስትሪመሩ ተንሳፈፈ። እንደ ቡሽ። ጎትቼ፣ አርጥቤ፣ መልሼ ወረወርኩ፤ ተንሳፈፈ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ሽቦው አልበቃም እንበል፣ ግን እንዲህ ዘና ብሎ መንሳፈፍ? ጨምቄ አሸተትኩት። ቅቤ!

አባባ በየዓመት በዓሉ ጭራቸውን ቅቤ ያስቀቡታል፣ ፀጉሩ እንዳይደርቅ። ስንት በዓል ሙሉ ቅቤ የጠጣ ጭራ ነው የቆረጥኩት። ሌባ ስትሆን እንኳ የምትሰርቀውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቦት ጫማዬ ውኃ ገባበት። ምንም አልነካልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ፣ ሊረሳኝ አይገባም፦ ልሄድ ስል ዳር ላይ የነበሩ ትንንሽ ዓሦች አንድ ላይ ብትን አሉ። ጥላዬ ነው እንዳልል፣ ፀሐይዋ ከፊቴ ነበረች፣ ጥላዬ ከኋላዬ ነው። ምን አባረራቸው?

ለአባባ አልነገርኳቸውም። ያዝሽ ወይ ብለውም አልጠየቁኝም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ቅቤ በምን ይለቃል ብዬ ጫልቱን ጠየቅኋት። በእንዶድ አለች፣ እንዶድ የማያወጣው ቅባት የለም። አመጣችልኝ። ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ወቅጬ፣ አረፋውን አስነስቼ የተረፈውን የጭራ ፀጉር ነከርኩት።

አባባ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ድንገት አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። «ይሄ እንዶድ ነው። ዓሣ ልትይዢ ነው ወይስ ልትጨርሺ?»

ለካ እንዶድ ለዓሣ መርዝ ነው! ድሮ ሰው ወንዝ ውስጥ እየጨመረ ስንት ዓሣ ፈጅቶበታል፣ መሥሪያ ቤታቸው ስንት ጊዜ ገበሬውን ለምኗል። በዚያች ቁራጭ ፀጉር ወንዝ እንደማይመረዝ ነገርኳቸው፤ ዓሣው ሽታውን ከሩቁ ያውቀዋል፣ እንኳን ሊበላው ብለው ተቆጡ። እጠቢው፣ ድፊው፣ ግን ወደ ቦዩ እንዳይሄድ፣ ዛፉ ሥር አሉ። ይህን ያህል ሲናገሩ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ የምን ፀጉር እንደሆነ ጠየቁኝ። ፀጉሩን ሳፋው ውስጥ ደፈቅሁት። ተነሡ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገብተው ጭራቸውን አወረዱ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ በጣታቸው አበጠሩት።

«ከመሃሉ ነው የቆረጥሽው» አሉ። «ዳሩን አልነካሽውም። ጥሩ ልብስ ሰፊ ነሽ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ፀጉር ያድጋል ብለው አለፉት። የተቆረጠ ጭራ እንደማያድግ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከዚያ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ሥራ ሆነ። የፈረስ ፀጉር ብቻውን ይገተራል፣ አይውረገረግም አሉ። ለጅራቱ ጥቂት ይበቃል፣ አካሉ የፍየል ይሁን። ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ጓሮ ቆዳ ተወጥሮ ነበር፣ ባለቤቱ እየሳቀ ጥቁርና ቡናማ ፀጉር አስቆረጠኝ። ጎሚስታውም ቃሉን ጠበቀ። እርሳሱን በመዶሻ ጠፍጥፌ በመቀስ ክር አደረግሁት።

ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፦ አባባ ሱቄ መጡ። ክንዴን ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ከአራት ዓመት በኋላ። የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጡ፣ የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ፈለጉ፣ ክሩን አዞሩ፣ ሳበት አድርገው ቋጠሩ። አንድ ጊዜም አልሳቱ። እጃቸው ብቻውን ያየዋል። እኔ ቆሜ መብራቱን ይዤላቸው ነበር፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ እሳቸው መብራት ምን ያደርግላቸዋል።

ያሉኝን ሳልረሳ፦
ፀጉር አታብዢ፣ ያሰብሽውን ግማሽ አድርጊው።
ክብደቱ ወደ ጭንቅላቱ ይሁን፣ አፍንጫውን ደፍቶ እንዲወርድ።
ብልጭልጭ ከሁለት ክር አይለፍ። (የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምሠራበትን ብርማ ክር ሰጠኋቸው። ደስ አላቸው።)
ቀስ ብለሽ ጎትቺ። ቀስ ብያለሁ ስትይ ደግሞ ከዚያም ቀስ በይ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ስድስት ስትሪመር መኪናዬ ላይ ተደርድሯል። ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቡናማ። ለአንገታቸው ላባ ጎድሎ ነበር። ጫልቱ በሕይወት ያለውን ሌላውን አውራ ዶሮዋን ብብቷ ሥር ይዛልኝ ሦስት ላባ ነጨሁ። አንድ ጊዜ ነከሰኝ፣ ይገባዋል።

በምርጫው ተከራከርን። እኔ ነጩ ጎልቶ ይታያል ባይ ነኝ። አባባ በታኅሣሥ ውኃው እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፣ የጎላ ነገር ያስደነግጣል አሉ። በጥላ ቦታ ጥቁር፣ ፀሐይ በገባበት ቡናማ። ነጩን የሚወዱት ሰዎች ናቸው፣ ዓሣው አይደለም አሉ።

ማታ ራት በልተን ሳህን ሳነሣ «እልፌ» አሉኝ፣ «ነገ አትሂጂ።»

ብርዱን ፈርተው መሰለኝ።

«የሉም» አሉ። «ከጎርፉ ወዲህ አንድም አላየሁም። ዓይኔ ደህና ሳለ ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። የሉም።»

ሳህኑን አስቀመጥኩት። ታዲያ ለምን አምጪ አሉኝ ብዬ ጠየቅሁ።

«እንደማታመጪ አውቄ ነዋ።»

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልጻፈው። ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። አራት ቀን እንደ ሞኝ ዶሮ ሳሳድድ፣ ፍየል ስላጭ፣ ሱቅ ስዘጋ፣ ለካስ ላለመታከም ነው የላኩኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣብኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ «አሉ!» እያሉ ሲሳቅባቸው የቆዩት እያወቁ ነው። የለቀቁት ነገር ሁሉ መጥፋቱን ማመን አቅቷቸው። ንዴቴ እዚያው ጓሮ ቀረ፣ አንጀቴን በሉት።

ተመልሼ ገባሁ። ረቡዕ ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ትንንሾቹ ዓሦች ብትን ማለታቸውን።

«ወዴት ተበተኑ? ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ዳር?»

«ወደ ዳር። ሣሩ ውስጥ ገቡ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ወደ ዳር የሚያሸሻቸው ከጥልቁ የሚመጣ አዳኝ ነው» አሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ክር እንደሚያዞር ሰው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ መንጠቆ ቀርቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዛጉት ሦስት አንዱ ተሞርዶ ደህና ነበር። «ቡናማ አንድ ጨምሪ» አሉ። «ቀጠን አድርገሽ።»

ነገ አብረን ነው የምንሄደው። ካፖርታቸውን አውጥቻለሁ። ከሌሉ የሉም፣ ቢያንስ አብረን እናውቀዋለን።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

በሚኒባሱ ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ከበቆጂ ጋሪ ያዝን፣ ጋሪው የማይገባበት ላይ ወርደን እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ልጀምር ስል ከለከሉኝ። ፀሐይ ውኃውን ሳትነካው አትንኪው፣ በዚህ ሰዓት የሚያዘው ጉንፋን ብቻ ነው አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ዳቦ በላን።

ረቡዕ የቆምኩበትን ቦታ አሳየኋቸው፣ ማለቴ ወሰድኳቸው። ጆሯቸውን አዘነበሉ። እዚህ ውኃው ይጮኻል፣ የሚጮኽ ውኃ ጥልቀት የለውም አሉ። ዝም ወደሚልበት ውሰጂኝ። ዳሩን ይዘን ወደ ላይ ወጣን። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ውኃው ድምፁን አጠፋ። «እዚህ» አሉ።

ጥቁሩን ወረወርኩ። ሁለተኛው ላይ ሥር ያዘውና ተበጠሰ። ነጩን ልሞክር አልኩ፣ ሞክሪ አሉኝ፣ ምንም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ትናንት ማታ የጨመርናትን ቀጭኗን ቡናማ አሰርኩ። አባባ ከጎኔ ቆመው ከእጄ በታች ክሩን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት። ወረወርኩ። እስክትሰምጥ አሥር ቆጠሩ። ጎተትኩ። «ቀስ» አሉ። ቀስ አልኩ። «ቀስ» አሉ።

አንድ ነገር ክሩን ያዘው።

«ድንጋይ ነው» አልኩ።

«ድንጋይ አይንቀጠቀጥም» አሉ።

ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ። ምን እንዳደረግሁ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ስጮኽ ገመዳ ከአውድማው ሮጦ መጣ። አባባ «አትሳቢው፣ ይሂድ፣ ይሂድ፣ አሁን መልሺው» ይላሉ፣ ክሩ ጣታቸው ላይ ነው፣ ዓሣው የሚያደርገውን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። ዳር ሲደርስ ከነጫማቸው ውኃው ውስጥ ተንበረከኩ። እጃቸውን አርጥበው ከሥሩ ያዙት። ስንዝር ተኩል ይሆናል። ትራውት ነው። ትራውት!

በአውራ ጣታቸው ከራሱ እስከ ጅራቱ ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ ሁለት ጊዜ። ጢማቸው ላይ የሚወርደው ውኃ ከወንዙ አልነበረም።

የለቀቁት ሁለት ዓይነት ትራውት ነበር። አንደኛው ቀይ ነጠብጣብ አለው፣ ሌላው የለውም። «ቀይ አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። «የትኛው ነው የተረፈው?»

ጎንበስ ብዬ ጎኑን በደንብ አየሁት።

«አልናገርም» አልኩ። «ታክመው፣ መጥተው በዓይንዎ ያዩታል።»

ገመዳ ሊናገር ሲል በዓይኔ አፈጠጥኩበት፣ ዋጠው። አባባ «ክፉ ናት፣ እናቷን ነው የመሰለችው» ብለው ለዓሣው ነገሩት። ከዚያ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ለቀቁት። ራሱን ወደ ላይ አዙሮ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

ገመዳ ጋሪው ድረስ ሸኘን። ረቡዕ ያለውን ይቅር እንዲሉት ጠየቃቸው። የሚቀጥለው የበቆጂ ገበያ ላይ ያላየሁትን አላወራም፣ ያየሁትን ግን ማን ይከለክለኛል አለ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

አባባ ያስላሉ።

ካፖርት ለብሰው ሄደው፣ ጫማቸውን አርጥበው ተመለሱ፣ ምን ይሆናል ብዬ ነበር? ነርሷ በግልጽ ነግራናለች። የሚያስል ሰው ዓይኑ አይነካም፣ ይመለሳል። እኔ ራሴ ወንዝ ውስጥ አንበርክኬ ቀጠሯቸውን አበላሸሁት። ትናንት ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ዛሬ ደግሞ በዚህ ነገር ነው።

ቅዳሴ አልሄዱም። ዳማከሴ አሽቼ ሰጠኋቸው። ፍል ውኃ አስታጠንኳቸው። ጫልቱ ማር ይዛ መጣች፣ ቁጭ ብላ ጸለየችላቸው፣ እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው አሜን አሉ። ዓሣውን ሦስት ጊዜ ተረኩላት። በሦስተኛው ላይ ሁለት ስንዝር ሆኗል።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሳሉን ሰበብ አድርገው ቢቀሩስ? ዛሬ አንድ ጊዜም ስለ ነገ አልተናገሩም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጠሩኝ። ጢማቸውን እንድላጫቸው። ነገ ሰው ፊት እቀርባለሁ አሉ።

ሳሉ ቀነስ ብሏል። ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

አንድ ሰዓት ላይ ወረፋ ይዘን ነበር። ከዶዶላም ከአርቦዬም የመጣ ሰው አለ፣ ሁሉም የሰው ክንድ ይዟል። አግዳሚው ላይ አባባ ሲቀመጡ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፣ ሳሉ እንዳያመልጣቸው። ፊታቸው ቀላ። በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቄን እንዲህ ነበር የምይዘው።

ነርሷ ሳል አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ የለም ልል ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ትናንት ነበረ» አሉ አባባ። «ወንዝ ገብቼ ነው።»

አሮጊቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ነርሷ ዶክተሯን ጠራች፣ ወጣት ናት፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን ሰክታ ደረታቸውን ብዙ ሰማች፣ ጀርባቸውንም። ሳንባቸው ንጹሕ ነው አለች፣ የጉሮሮ ነገር ነው፣ ግን ተራቸው መጨረሻ ላይ ይሁንና እስከዚያ እናያቸዋለን። ማር ይላሱ አለች። የጫልቱ ማር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጠሯቸው። አረንጓዴ ቆብ አጠለቁላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ እኔ እንኳ አልነበረም፣ ትንሽ ወደ ግድግዳው። «ፈርቻለሁ» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። እኔም ፈርቻለሁ አልኳቸው። እሺ ብለው ገቡ።

አንድ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነው። ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ምንም አላመመኝም ይላሉ፣ ይደነቃሉ። ነገ ጠዋት ይፈታል። ዶክተሯ ጥሩ ሄዷል ብላለች። ጥሩ ማለት ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አልነገረችኝም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሁለት ሰዓት። አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይናቸው ነጭ ፋሻ ነው። ነርሷ ከዳር ጀምራ ትፈታለች። አንዷ እናት እልል አሉ። አንድ ሰውዬ ግን ገና ብዥ ይላል አሉ፣ ዶክተሯ ቀን ይፈልጋል ብላ አጽናናቻቸው። አባባ አምስተኛ ነበሩ።

ፋሻው ተነሣ። ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ አርገበገቡ፣ እንባቸው ወረደ። ዶክተሯ ጣቷን አሳየቻቸው። ሁለት አሉ። አራት አሉ። መስኮቱን አዩ፣ ቆዩበት። የራሳቸውን እጅ ገልበጥ አድርገው አዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያ ዞሩ። ብዙ አዩኝ። አራት ዓመት ማለት ረዥም ነው፣ እኔም እዚያው እንደቆምኩ ነው የገባኝ።

«እልፌ» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብሽ?»

ነርሷ ሳቀች፣ ዶክተሯ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሊሆንብኝ ሲል ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ምን እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ አባቴ አዩኝ አልኩት።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ አባባ የዶክተሯን እጅጌ ይዘዋል። የግራውን መቼ እንደምትሠራላቸው እየጠየቋት ነው። ገና አይታወቅም፣ እንደውልላችኋለን አለች። እሳቸውም ከተቀመጡበት ሳይነሡ የእኔን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ነገሯት፣ ሁለት ጊዜ ደጋግመው፣ በትክክል ጽፋ እንደሆነም ጎንበስ ብለው አዩ።